በልባሱ ገበር ውስጥ የለጠፍኳቸው ገጾች

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል አንድ ነው። ኮተቤ ውስጥ ዕድሜዬን በፈጀሁበት የመምህራን ማሠልጠኛ መዝገብ ላይ፣ መምህር አስናቀ ከሚለው ስም ትይዩ፣ «በመጻሕፍት ልባስ ውስጥ ፀረ ሕዝብ ጽሑፍ ደብቆ በማሰራጨቱ ከሥራ የተሰናበተ» የሚል አንድ መስመር አለ። ያ መስመር ውሸት ነው። ጽሑፉን ልባሱ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያስገባሁትም ልደብቀው ብዬ አይደለም፤ ካርቶኑ ስስ ስለነበረ ነው። መስመሩ እንዲታረም ማመልከቻ አስገብተናል፤ ቢሮ ግን ቢሮ ነው፣ እኔም አርጅቻለሁ። እነሱ ቢያርሙትም ባያርሙትም እዚህ ጽፌዋለሁ።

ስሜ ዘነበች ነው። ሥራዬ ጠራዥ ነበር። የተገነጠለ መጽሐፍ እሰፋለሁ፣ ልባሱ የወለቀውን አለብሳለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሰፈራችን ከነበሩ የኔታ ዘንድ ነው፤ ኋላ በማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። የተማረ ሰው አጻጻፍ አትጠብቁብኝ። ቅደም ተከተሉን ግን አልስትም፤ ገጽ የሚያዛንፍ ጠራዥ ምኑን ጠራዥ ሆነ።

ማሠልጠኛው የገባሁት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በጽዳት ሠራተኝነት ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተጎንብሰው ሲሰፉ ይውላሉ። አንድ ቀን መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ሳያቸው ቆየሁ።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ።

«ክሩ በአንድ ቀዳዳ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚያልፍ።»

ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወር ሳይሞላ አስተዳደሩን አስፈቅደው ረዳታቸው አደረጉኝ። ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለ፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጋሽ ደምሴ ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው፣ ፒያሳ አንድ አርመናዊ ጠራዥ ዘንድ ነው። ቤታቸው እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። በየጠዋቱ ባሕር ዛፉን አቋርጠው በእግራቸው ይወርዱና ታች አውቶቡስ ይይዛሉ። መጽሐፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ማጣበቂያውን ከስንዴ ዱቄት ያበስሉና አይጥ እንዳይበላው እሬት ይጨምሩበታል፤ ሲበርድ በጣታቸው ቀምሰው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ለአይጥ መምረሩን አስቀድሜ እኔ ልወቀው» ይላሉ። ተሰፍቶ ያለቀ መጽሐፍ በአንዲት ቅጠሉ፣ ማለት በአንዲት ወረቀቱ ብቻ ተይዞ ይንጠለጠላል፤ ቅጠሏ መጽሐፉን ከቻለችው ስፌቱ ደህና ነው። የኔ የመጀመሪያው ከእጃቸው ወልቆ ወለሉ ላይ ተበተነ። «በይ ልቀሚና ከወለሉ አስታርቂው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ሰፋሁት።

ከልማዶቻቸው ሁለቱ ለዚህ ታሪክ ያስፈልጋሉ። አንደኛው ነጥቡ ነው። ካርቶኑ በጨርቅ ከመሸፈኑ በፊት በውስጥ በኩል ጥጉ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ። የሳቸው አንድ ነጥብ ነበር፤ ለኔ ሦስት ሰጡኝ። ጨርቅና ወረቀት ሲለብስበት ማንም አያየውም።

«ማንም ካላየው ምን ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መጽሐፉ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢፈርስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የሠራሽውን ሥራ የኔ ነው የምትይበት ነው።»

ሁለተኛው ስለ ገበር ነው። የጥራዝ ካርቶን ስናጣ የሳሙና ካርቶን እንቆርጣለን፤ እሱ ስስ ስለሆነ በሁለቱ ንጣፍ መካከል የተጣለ ወረቀት ደራርበን በማጣበቂያ እናወፍረዋለን። ያንን ገበር እንለዋለን። ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ገበር ማድረግ የሚፈቀደው ጽሑፉ ከነመጨረሻው አንድ ልባስ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። «ሙሉውን ለጥፊ፣ ወይም ጨርሶ ተዪው» ይሉኝ ነበር። «ጎዶሎ ጽሑፍ ውሸታም ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያወጣው ሰው ግማሹን አንብቦ በሙታን ላይ ይፈርዳል።» እኔ የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። ጠመንጃ የያዘ ሰው በማሠልጠኛው በር ላይ መቆም ጀመረ፤ እኛም መሬት መሬት እያየን መግባት ጀመርን። ዛሬ የነበረ ሰው ነገ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል። ባሌ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ነበር። እኔ ከሦስት ልጆች ጋር ብቻዬን ነበርኩ፤ መኪና ቤታችን አጠገብ ቀስ ሲል ጆሮዬን እሰጣለሁ። መኪናው እስኪያልፍ ልጆቼን እቆጥራለሁ። ሦስቱም አጠገቤ ተቀምጠው እያየኋቸው እንኳ እቆጥራቸው ነበር።

አርብ አርብ ሠራተኛው ሁሉ የውይይት ክበብ ይሰበሰባል። መሪው ጓድ ሽመልስ የሚባል ሰው ነበር፤ ከቀበሌዎቹ በላይ ባለው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤትም ምርመራ ላይ ይቀመጣል። ሊበራሊዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት እዚያ ነው። አርፍዶ የመጣ ሰው ተነሥቶ «ሊበራሊዝም አሳይቻለሁ፣ ግለ ሂስ አደርጋለሁ» ይላል። የጓደኛውን ስህተት አይቶ ዝም ያለም ሊበራል ይባላል። እኔ አንድ ቀን ትንሿን ልጄን ጤና ጣቢያ ወስጄ ዘገየሁ።

«ጓድ ዘነበች፣ ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ ጓድ ሽመልስ።

«ኩፍኝ» አልኩት።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ ቀልዴን አልነበረም፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚያስጠይቀኝ ሰው ይመጣል እያልኩ ስፈራ ሰነበትኩ።

መምህር አስናቀ ታሪክና የፖለቲካ ትምህርት ያስተምሩ ነበር። ገና ወጣት ነበሩ። በዚያ ግቢ ውስጥ እኔን እርስዎ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጥራዝ ክፍል የሚመጡት መጽሐፋቸውን ለማስጠገን ሲሆን፣ አንዴም ያረጀ መዝገበ ቃላታቸውን ሰፍቼላቸዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዘው ገቡ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ማባዣ ማሽኑ ተሳስቶ ከልክ በላይ ያወጣቸው ናቸው። ለገበር ይሆኑ እንደሆነ?»

ወረቀት በጠፋበት ጊዜ እንዲህ ያለ ስጦታ አይገኝም። የላይኛውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። አናቱ ላይ የሳቸው ስም፣ ከሥሩ «ሊበራሊዝም፤ ትርጉሙና አመጣጡ» ይላል።

«መምህር፣ አምስት ገጽ ሙሉ ስለ ማርፈድ ጻፉ?»

ሳቁ። «እሱ የስብሰባው ነው። ይሄ የድሮው ነው። ተማሪዎቹ እንዲነቅፉት ታዟል። ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንዴት ይነቅፉታል ብዬ፣ መጀመሪያ ምንነቱን ጻፍኩ።»

«የድሮው ምን ይላል?»

በሩን አዩ። በዚያን ጊዜ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት በር ያያል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዱኝ። ቃሉ በጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነፃ ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ሐሳቡ ግን የመጣው ከእልቂት ነው አሉኝ። አውሮፓ ውስጥ ክርስቲያኑ በሃይማኖት ለሁለት ተከፍሎ ትውልድ እስኪያልቅ ተራረደ። ሲታክታቸው አንዳንድ ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። በሰይፍ የሰው ልብ ካልተለወጠ መንግሥት በሰው ህሊና ምን አገባው? ከዚያች ጥያቄ ሌላ ወጣች። ንጉሥ ሥልጣኑን ከየት አመጣው? ከተገዢዎቹ ፈቃድ ነው ከተባለ፣ ሰዎቹ የሰጡትን ሊነሡት ይችላሉ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ንጉሡና ሸንጎው በዚህ ተዋጉ። በፈረንሳይም ሕዝቡ በዚህ ተነሣ። ነጋዴው ያለ ንጉሥ ፈቃድ ልነግድ አለ፤ ጸሐፊው ያለ ሹም ፈቃድ ላሳትም አለ።

«ባጭሩ» አሉኝ፣ «መንግሥት ዘበኛ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም ይላሉ። ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። የሚፈርደውም ራሱ ከሕግ በታች ነው።»

«ዘበኛው ጠመንጃ አለው እኮ፣ መምህር።»

«እሱ ነው ጭንቁ።»

«ድምፃችሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ።

እኔ ግን ነገር ከጀመርኩ አልተውም። «ይሄ ነፃነት ለማን ነው? አባቴ የሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ነበር። ባለ መሬቱ ነፃ ነበር፤ አባቴን ከነልጆቹ ለማባረር ነፃ ነበር። አባረረውም።»

መምህር አስናቀ ፊታቸው በራ። ከሥር አንድ ወረቀት መዘው አሳዩኝ። «ይሄው አራተኛው ገጽ! እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው። ለባለ ሀብቱ ነፃነት የሆነው ለጢሰኛውና ለወዛደሩ ምን ሆነ የሚለው ነቀፌታ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ነው።»

«ታዲያ የትኛው ነው ልክ?»

«እኔ የማስተምረው አምስቱንም ገጽ ነው» አሉኝ።

ክረምት ሲገባ ጋሽ ደምሴን ሳንባቸው ጣላቸውና ቤት ዋሉ። በዚያው ሰሞን ለውይይት ክበቡ አርባ መጻሕፍት መጡ፤ ልባሳቸው ወረቀት ነው። ጓድ ሽመልስ እስከ አርብ ጠንካራ ልባስ ይኑራቸው ብሎ አዘዘ። ብቻዬን ነኝ። ሳሙና ካርቶን ቆረጥኩ፣ ማጣበቂያ አበሰልኩ፣ ለገበር ደግሞ የመምህርን ወረቀት አወረድኩ። ማባዣ ማሽን አንዱን ገጽ አውጥቶ ሲጨርስ ነው ሌላውን የሚያወጣው፤ ስለዚህ ክምሩ በየገጹ የተለየ ነበር። ከላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው ገጽ አለ። አራተኛውና አምስተኛው ከሥር ነው። የጋሽ ደምሴ ሕግ ትዝ ብሎኛል፤ ረሳሁት ብል እዋሻለሁ። ከየክምሩ እየመዘዝኩ ለእያንዳንዱ ልባስ አምስቱን ማሟላት ነበረብኝ። ጊዜ የለኝም፣ ደግሞስ ማን ያየዋል አልኩ። ከላይ ከላይ እያነሣሁ ለጠፍኩት፣ ነጥቤን አደረግሁ፣ በድንጋይ ተጫነ፣ አርብ ደረሰ። ከሥር የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት ለእርሻ መማሪያ መጻሕፍት ተጠቀምኩበት።

የስብሰባው አዳራሽ ጣሪያ ያፈስ ነበር። የመጻሕፍቱ ቁምሣጥን ከቀዳዳው ሥር ነው የቆመው። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ አርብ ጓድ ሽመልስ ሊያነብልን መጽሐፉን ሲከፍት የራሰው ልባስ እጁ ላይ ተላጠ። ከውስጡ አንድ ወረቀት ወጥቶ ተንጠለጠለ። ጮክ ብሎ አነበበው፣ «ሊበራሊዝም፤ ትርጉሙና አመጣጡ»። ሌላ መጽሐፍ አንሥቶ ላጠ። ያው ነው። ሦስተኛ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የሚቀደድ ጨርቅ ድምፅ ብቻ ነበር። ጓድ ሽመልስ ቢጮህ በተሻለኝ፤ ከቆዳው ሥር ገርጥቶ ነበር። በሱ ክበብ፣ በሱ መጻሕፍት ውስጥ ነው የተገኘው።

መምህር አስናቀ ተነሥተው «የኔ ጽሑፍ ነው፤ ግን ይሄ ግማሹ ነው» አሉ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ይዘዋቸው ወጡ። እኔ መጨረሻ ረድፍ ተቀምጫለሁ። አልተነሣሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ ሽመልስ ከአንድ ባለ ጠመንጃ ጋር ጥራዝ ክፍል መጣ። የተላጠውን ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ገበሩን ማን አመጣላችሁ?»

«መጋዘን የሚጣለውን ወረቀት ሁሉ እንጠቀማለን» አልኩ። እስከዚህ ግማሽ እውነት ነው።

«ይሄንስ?» ጣቱን ጥጉ ላይ አደረገ። ሦስት የእርሳስ ነጥብ። «በእያንዳንዱ ላይ አለ። የኅቡዕ ድርጅት ሕዋስ ምልክት ነው። ሦስት ሰዎች አሉ ማለት ነው። ሁለቱ እነማን ናቸው ብለን ሌሊቱን ጠየቅነው፤ አይናገርም። ይናገራል ግን። አንቺ ይሄን ምልክት አይተሽው ታውቂያለሽ?»

እጄ ማጣበቂያ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

«አላየሁም» አልኩ።

ይኸው ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጥራዝ አበላሽቻለሁ፣ ሁሉንም ፈትቼ መልሼ ሰፍቻለሁ። ይህን ቃል ግን መፍታት አልቻልኩም።

እሑድ ልጆቼን ለጎረቤት ሰጥቼ እንጦጦ ወጣሁ። ጭጋግ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ከግንድ ኋላ ተደበቅሁ። ጋሽ ደምሴ መደባቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ አሁን ስጽፈው የሚያሳፍረኝን ነገር ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ‹ነጥቡ የኔ ነው› ይበሉልኝ። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ታመዋል፤ አይነኩዎትም። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ብዙ ሳሉ። ሲጨርሱ «የኔ ነጥብ አንድ ነው» አሉኝ።

«ነጥብ አይደለም እንዴ! ማን ይለየዋል?»

«እኔ እለየዋለሁ። ደግሞ ያንቺን ቃል እኔ ከተናገርኩት ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ላይ ተደግፎ የሚወጣ ሰው አላውቅም።» እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይተኩስ ነበር። «አትፍሪ አልልሽም፣ ልጄ። እኔም እፈራለሁ። ፈርተሽ ሂጂ።»

አልሄድኩም። ሰኞና ማክሰኞ የጥራዙን ክፍል በር ቆልፌ የእርሻ መጻሕፍቱን ልባስ ስልጥ ዋልኩ። አራተኛውንና አምስተኛውን ገጽ አውጥቼ ባሳይ ጽሑፉ ጎዶሎ እንደነበረ ይታያል፤ መምህርም ነቃፊ እንጂ ሰባኪ እንዳልሆኑ ይታወቃል ብዬ ነው። የመንግሥት ንብረት ማውደም አሻጥር ይባላል፤ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የተላጡትን ቀሚሴ ሥር እወትፋለሁ። እሬቱ ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ ምራቄ ሁሉ መረረኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ገጾች ሳይቀደዱ ወጡልኝ።

ዛሬ ሳስበው ማስረጃ አላስፈለገኝም ነበር። ማስረጃው አፌ ነው። እኔ ግን ማስረጃ እየፈለግሁ ነው እያልኩ ፍርሃቴን ሳስታምም ሁለት ቀን በላሁ።

ረቡዕ ጠዋት ገጾቹን መቀነቴ ውስጥ አጥፌ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና እየወጣ ነበር። ከሸራው ኋላ ሰዎች እንዳሉ አውቄያለሁ፤ ሁሉም ሰው ያውቃል። ወደ አጥሩ ተጠጋሁና ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። መኪናው ጭቃ እየረጨ በአጠገቤ አለፈ። እግሬ ወደ ቤት ሊመልሰኝ ፈለገ። ምን እንደያዘው አላውቅም፤ ቆመ። ከዚያ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ጓድ ሽመልስ ብቻውን ነበር። ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ነጥቡ የኔ ነው። ሕዋስ የለም። ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ከላይ ከላይ አንሥቼ። የቀረው ይሄው። መምህር አያውቁም።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ልቡ እንደተቀበለው ከፊቱ አየሁ፤ የፈራሁትም ይበልጥ ያን ጊዜ ነው።

«ቅዳሜ ምን አልሽኝ?»

«ዋሸሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ወደ ላይ ተልኳል። መኪናውን አላየሽም?»

«ይመለስ።»

«ሴትዮ፣ ሕዋስ አገኘሁ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ! አሁን ምን ልበል? ሕዋሱ የጥራዝ ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ ልበል?»

«እንደሱ ይበሉ። ያልኩትን ይጻፉልኝና ልፈርም።»

«አልጽፍም።»

«ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም» አልኩ። ቃሉ የመጣልኝ ከየት እንደሆነ ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። የሱም ዓይን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱም ከተላጡት መጻሕፍት በወጣው ሦስተኛ ገጽ ላይ አንብቦታል።

ገጾቹን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት። «ብጽፈው ነገ ሁለት እስረኛ ነው የሚኖረን» አለኝ። «ምናልባትም ሦስት። ወደ ልጆችሽ ሂጂ። እኔ አንቺን አላየሁም።»

እንዲህ ነው የተናገርኩት ቃል ሳይጻፍ የቀረው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጠይቄዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በዘበኛ አስወጣኝ። ኋላ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሄደ፣ የደረሰበትን አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ወስፌያቸውንና የእሬት ቆርቆሯቸውን ወረስኩ። ጎዶሎ ጽሑፍ ገበር አድርጌ አላውቅም፤ ሦስቱን ነጥብ ግን መተው አልቻልኩም። እየፈራሁም በየልባሱ አደርገዋለሁ። መምህር አስናቀ ዓመታት ታስረው እንደተፈቱ፣ ማስተማር እንደተከለከሉ ሰማሁ። አንዴ ሾላ ገበያ ከመንገዱ ማዶ አየኋቸው። ጸጉራቸው ነጥቶ ነበር። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

ደርግ ወደቀ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ መዝገብ ቤት የተገነጠለ ጥራዝ ላኩልኝ። የድሮ ሠራተኞች መዝገብ ነው። ስሰፋ ያ መስመር ከዓይኔ ገባ። ቅጠሉን መገንጠል እችል ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ግን ገንጥዬ ባጠፋው ምን ይታረማል? ጎዶሎ መዝገብም ውሸታም ነው። አሳምሬ ሰፋሁት፤ ከዚያ መዝገብ ቤት ሄጄ ይታረም አልኩ።

ጸሐፊዋ ልጅ እግር ነበረች። «እማማ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ካላመለከተ አይታረምም።»

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያልኩሽ!»

«ለጥፋተኛ ፎርም የለንም፣ እማማ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ አየኋት፤ የምሯን ነው።

መምህር አስናቀን ያገኘኋቸው ሾላ አካባቢ፣ አንድ በረንዳ ሥር ነው። ትንሽ ጠረጴዛ ይዘው ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ተራዬን ጠብቄ ተቀመጥኩ። ቀና ሲሉ ወዲያው አወቁኝ።

«ወይዘሮ ዘነበች» አሉኝ። «በጣም አረፈዱ።»

«ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አልኩ። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እኔን እንባ ቀደመኝ።

በእጄ የጻፍኩትን ማመልከቻ ሰጠኋቸው። ረጋ ብለው አነበቡት። አንድም ቃል አላረሙም። ብዕራቸውን ሲያነሡ እጃቸውን ያዝኩ።

«ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ስለ ሦስቱ ነጥብ ሲጠይቁዎት ምን አሉ?»

«ዝም አልኩ።»

«ስለማያውቁት።»

«አውቀው ነበር። መዝገበ ቃላቴን የሰፉልኝ ጊዜ ጋሽ ደምሴ ነግረውኛል። ‹ስፌቱ ከላላ ልባሱን ገልጠህ እይ፤ ሦስት ነጥብ ካለ የዘነበች ነው፣ ለሷ መልስላት› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም!» ጮህኩ መሰለኝ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞሩ። «እየደበደቡዎት!»

«ቃሉ የእርስዎ ነበረ። እኔ ብናገረው ጥቆማ ነው፤ እርስዎ ቢናገሩት ግን ምስክርነት ነው። ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አራት ቀን፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርስዎ ይሆናሉ እያልኩ አይ ነበር።»

«አልመጣሁም። ቀረሁ።»

«አይደለም» ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ረቡዕ ጠዋት በሸራው ቀዳዳ አይቼዎታለሁ። አጥሩ ጋ ቆመው ነጠላዎን ወደ ፊትዎ ሳቡ። አልዋሽዎትም፣ ያን ጊዜ ተቀይሜያለሁ። ከዚያ መኪናው ሲታጠፍ እንደገና አየሁ፤ በሩን ገፍተው ሲገቡ።»